ረጅም እጅጌ

ይድረስ ለእናቴ።

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል? የዓይን ጠብታውንስ ጠዋትና ማታ ታደርጊያለሽ ወይስ ጠርሙሱ መስኮት ላይ ቆሞ ያይሻል? እኔ ደህና ነኝ። “ከናፍቆትሽ በስተቀር” ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ዘንድሮ ግን ያለብኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩሽ አውቄ ነው። አንቺ ስልክ ስታወሪ ድምፁን ትለቂዋለሽ፤ ጎረቤትሽም ከማዶ ሆና “የፕላስቲኩ ሐኪም፣ ባልዲዬ ተሰንጥቋል፣ መቼ ነው የምትመጣው?” ትለኛለች። ይህኛው እሷ የምትስቅበት ወሬ አይደለም። ብቻሽን ሆነሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ወር በፕላስቲክ ቀዶ ሐኪምነቴ ፍርድ ቤት ለሙያ ምስክርነት ተጠራሁ። ሥራው ለእኔ አዲስ አይደለም። የተበላሸ አፍንጫ፣ በቢላ የተቀደደ ጉንጭ፣ ማሽን የበላው ጣት እያየሁ፣ ይህ ጉዳት በምን ሊደርስ እንደሚችል ለዳኛ አስረዳለሁ። የእኔ ድርሻ ጠባሳውን ማንበብ ነው፤ መፍረድ የእነሱ ነው።

የአሁኗ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ተቃጥሏል። የምታሳድጋት አክስቷ “ተደናቅፋ እጇ የፈላ ውሃ ሳፋ ውስጥ ገብቶ እኔው ነኝ ያወጣኋት” ትላለች። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ “ይዛ ነከረቻት” ይላል። ልጅቷ ስለዚያ ቀን ሲጠይቋት ጫማዋን ነው የምታየው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ጠባሳው ላይ ወደቀ። አክስትየዋ ነፃ ከወጣች ልጅቷ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

መጀመሪያ ስለ አክስትየዋ እጅ ተናገርኩ። ልጅ ከፈላ ውሃ የሚያወጣ ሰው አያስብም፣ እጁን ሰድዶ ነው የሚያወጣው፤ በእሷ ጣቶች ላይ ግን አንዲት ምልክት የለም አልኩ። ይህን እያልኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ፣ መርፌና ክር ትዝ አለኝ። አለፍኩት።

ቀጥዬ ሁልጊዜ የማደርገውን ልሠራ ተነሣሁ። ጎድጓዳ ሳህን አለኝ፣ ቆዳ ከመቅደዳችን በፊት የምናሰምርበት ሰማያዊ ቀለምም አለኝ። ቀለሙን ውሃ ውስጥ እበጠብጥና ነጭ ጓንት አጥልቄ እነክራለሁ። ሳያውቅ የፈላ ውሃ የነካ ሰው እጁን በቅጽበት ይነጥቃል፤ ይረጫል፣ የቃጠሎው ጠርዝ ይዘበራረቃል። ሰው ይዞ ያቆየው እጅ ግን ጠርዙ እንደ ጓንት አፍ ቀጥ ይላል፤ የልጅቷም እንዲያ ነው። ያን ቀን ጓንቶቹን መኪና ውስጥ ረስቼ ነበር። ዳኛዋ ሰዓታቸውን አዩ። እኔም ምን ቸገረኝ ብዬ የግራ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ባዶ እጄን የልጅቷን ያህል ነከርኩ።

ሳወጣው ሰማያዊው መስመር የቆመው አሮጌው ጠባሳዬ ጫፍ ላይ ነው። ዙሪያውን፣ እንደ አምባር፣ ልክ በልክ።

እማዬ፣ ሃያ ዓመት የሰው ጠባሳ ሳነብ የራሴን አላየሁትም ብል እዋሻለሁ። ገጹን እየዘለልኩት ነበር።

የአክስትየዋ ጠበቃ ዓይኑ ፈጣን ነው። ብድግ ብሎ “ዶክተር፣ እርስዎንስ ማን ነከረዎት?” አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። ዳኛዋ በእስክሪብቷቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው፣ ካልፈለግሁ መመለስ እንደማልገደድ ነገሩኝ። ዝም ልል ነበር። ግን ልጅቷን አየኋት። በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ጎትታ ጫፉን በጡጫዋ ይዛዋለች። እኔ ትምህርት ቤት እንዲሁ ነበርኩ። አንቺ በበጋም ረጅም እጅጌ ነበር የምትሰፊልኝ።

“የሦስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጠባሳው ግን የአደጋ አይደለም” አልኩ።

“እናትዎ ምን ነበር የነገሩዎት?” አለ።

“ማንቆርቆሪያ ከምድጃ ላይ ስቤ ነው ብላኛለች።”

“ታዲያ እናትዎ ውሸታም ናቸው?”

በማንቆርቆሪያ ቢሆን ደረቴና ፊቴ ላይ ይፈስ ነበር፤ ደረቴን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ንጹሕ ነው። ምያለሁ፣ ልጅቷም ታየኛለች። “አዎ፣ ዋሽታኛለች” አልኩ።

ጸሐፊዋ መዝገብ ላይ ስትከትበው ሰማሁ። ወልዶ አሳድጎ ለወግ ያበቃን ሰው በአደባባይ እንዲህ ማለት ምን እንደሚያህል አንቺ ታውቂዋለሽ። ይቅርታ ልልሽ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ጠበቃው ውሸትሽን እንጂ ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ጠይቆኝ ቢሆን ስለ ጣቶችሽ እነግረው ነበር።

ስወጣ ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሰማያዊውን እጄን እያየች “አንተንም ሲበርድ ያሳክክሃል?” አለችኝ። “በጣም” አልኳት። “እኔ ቅባት አለኝ” አለችና ከኪሷ አውጥታ አሳየችኝ። ከትናንት ወዲያ ተፈረደ፤ አክስቷ ቤት አትመለስም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌና ክሩ አልለቀቀኝም። ስትሰፊ ክሩን የማስገባልሽ እኔ ነበርኩ፤ የቀኝ እጅሽ ሁለት ጣቶች አይታጠፉልሽም ነበራ። “ሪህ ነው” ትይኝ ነበር። ሪህ ቆዳን እንዲያ አያሳሳም፣ እንዲያንጸባርቅም አያደርገውም። ይህንንም ሐኪም ሆኜ ዘልዬዋለሁ።

መልስ ጻፊልኝ አልልሽም። አርባ ዓመት ሙሉ ማንቆርቆሪያውን አንዲት ቃል ሳትለውጪ ስትተርኪልኝ የኖርሽው ለማን ብለሽ እንደሆነም አልጠይቅሽም። “አባትህ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል” ትይኝ የነበረውን አስታውሳለሁ። እኔ ስመጣ ሁልጊዜ “ቁርጥ አባቱን!” እያልሽ ሳሎን ከፎቶው ሥር ታስቀምጪኛለሽ። በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አጭር እጅጌ ለብሼ ነው የምመጣው። ሌላ ወንበር ስጪኝ። የሚሰፋ ልብስ ካለሽም አቆይልኝ፣ ክሩን እኔ አስገባልሻለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጠው፣ እጅሽን ይባርከው፤ በተለይ ቀኙን።

እጅሽ ያወጣኝ ልጅሽ