በአልጋም በማዕድም

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 19
ዝናብ። አራት የድንች ቅርጫት ጨረስኩ። በእንግሊዝ አገር፣ በሶመርሴት፣ እንደ እኔ አኻያ የሚጎነጉን የለም፤ ይኸው ደግሞ እንደ እኔ የሚጽፍም የለም። እስከ ገና ድረስ ፊርማዬ የመስቀል ምልክት ነበር። አሁን ጄበዝ ቱትል! ሙሉውን! ማታ ትምህርት የላከችኝ እጮኛዬ ትርዛ ናት። "ማንበብ የማይችል ባል አላገባም" አለች። ቻልኩ። እንግዲህ ታግባኛ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 28
ክፍል ውስጥ ሳቅ ገደለን። መምህራችን ሚስ ፔንፎልድ ሰሌዳው ላይ "ባክሰም" ብላ ጻፈች። ደረቷ ሞላ ያለ ሴት ስታልፍ መጠጥ ቤት የምንለውን!
"ሳቃችሁን ጨርሱ" አለች። ጠበቀችን። ለካ ጥንት "በቀላሉ የሚጎብጥ" ማለት ነበር። ቀጥሎ "ታዛዥ" ሆነ። ከዚያ "ደስተኛ"፣ ከዚያ "ጤነኛ"... በመጨረሻ እኛ ባለጌዎቹ እጅ ወደቀ። ድሮ ሙሽራዋ "በአልጋም በማዕድም ባክሰም እሆናለሁ" ብላ ትምል ነበር አለች።
"ታዲያ ቃሉ ሲታዘዝ ኖሮ ወፈረ በሉኛ!" አልኩ። እሷም ሳቀች። ፊቷን አዞረች እንጂ ትከሻዋን አይቻለሁ።

እሑድ፣ ሜይ 1
ቄሱ የጋብቻ ማስታወቂያችንን፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲናገር ሦስት እሑድ የሚነበበውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡ። ሁለት እሑድ ቀረ። ከቅዳሴ በኋላ መጠጥ ቤት። ሦስት ብርጭቆ የፖም ጠጅ... አራት? ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። "ትርዛ እንደ ድሮዎቹ ትምላለች! በአልጋም በማዕድም እታዘዛለሁ ትላለች! ተስማምታለች!" አልኩ። ቤቱ ተናጋ። ወንድሟ ሳይላስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። አልሳቀም። ጥርሱን አሞት ይሆን?

ማክሰኞ፣ ሜይ 3
ጥርሱን አላመመውም።
ትርዛ ከሴቶቹ ጋር አኻያ ስትልጥ አገኘኋት። ቀንበጡን በመላጫው መንታ ብረት መሃል ትስበዋለች፤ ቅርፊቱ እርግፍ። ቀና አላለችም።
"መቼ ነው የተስማማሁት?"
"ቀልድ እኮ ነው፣ ትርዛዬ።"
"ፊደል ቁጠር ያልኩህ እኔን እንድታዝዝበት ነው?"
"አይደለም..."
"እንግዲያው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ውጣና ዋሽቼ ነው በል።"
"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? እኔ?"
"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አይደል እንዴ ያወራኸው?"
ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? ሴቶቹ አንዳቸውም አልሳቁም።

እሑድ፣ ሜይ 8
ሁለተኛው ተነበበ። ዘወር ብላም አላየችኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 10
ንዴት። ያልራሰውን አኻያ አንስቼ ሦስቱን ቀሽ ቀሽ አድርጌ ሰበርኳቸው። ሽማግሌው ሄምብሮ፣ አሠሪዬ፣ "ደረቁን ማን ንካ አለህ? ውሃ ሳይጠጣ ይጎብጣል?" አሉኝ።
"አውቃለሁ።"
"እያወቅህ ነዋ ጉዱ!"

እሑድ፣ ሜይ 15
ፊደሌ ቢበላሽ ይቅርታ... ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው?
ሦስተኛው ተነበበ። ቄሱ "የሚቃወም ካለ ይናገር" አሉ። ትርዛ ብድግ አለች።
"እኔ እቃወማለሁ።"
"ልጄ፣ ሙሽራዋ እኮ አንቺ ነሽ!"
"አባ፣ ከእኔ የበለጠ ማን ያገባዋል?"
ሳቅ። "ምክንያትሽስ?" አሉ። "ጄበዝ ይንገራችሁ። በሰው ፊት መናገር ይወዳል።"
ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ፣ የምላስ ጌታ! ቀልድ ፈለግኩ... የለም። "ትርዛ ምንም አልተስማማችም" አልኩ። "ሳቃችሁ ስለጣፈጠኝ ነው የዋሸሁት። እሷን ሸጬ ሳቅ ገዛሁ።"
ማንም አልሳቀም። ቄሱ ወደ እሷ አዩ። እሷ ወደ እኔ ዞራ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።
"ተቃውሞዬን አንስቻለሁ" አለችና ተቀመጠች።

ቅዳሜ፣ ጁን 4
ተጋባን። ቄሱ ሲያስምሏት "እታዘዛለሁ" የሚለው፣ ሙሽራዋ ብቻ የምትምለው ቃል ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ማን እንደገፋኝ እንጃ፣ እኔ ቀድሜ "እታዘዛለሁ" አልኩ። ቄሱ መጽሐፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ገጹን ገለጡ። ትርዛ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እሷም አለችው፤ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ረቡዕ፣ ጁን 8
የትርዛ ሾርባ ጨው በዝቶበት ነበር። እስከ ታች ጠጣሁት፤ ትንፍሽ አላልኩም። ይህን የሚያህል ጀግንነት ሠርቼ መጠጥ ቤት ሳላወራው ይኸው አራት ሰዓት ሆነኝ።