«ነይ» ብቻ የምታውቅ ስክሪን

መሐል ሜዳ፣ ጥር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለምወድህና ለተናደድኩብህ ወንድሜ ለአባይነህ፣

እንደምን ከርመሃል? ሰላምታውን አሳጥሬ ልንገርህ፦ እማዬ አወራች! አዎ፣ አወራች!

ለካ መታመሟንም አልሰማህም። በሰኔ ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗና ምላሷ ተያዘ። ነፍሷን ታውቃለች፣ ሁሉን ትሰማለች፤ ቃል ግን አልወጣ አላት። ስንት ጊዜ ደወልኩልህ! ስልክህን ቀይረህ ጠፋህ። አሶሳ መሆንህን የነገረኝ ሾፌሩ ዳኜ ነው፤ ይህንንም እሱ ያደርስልሃል።

እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ እጄ አያርፍም። እስከ መቼ የሰው ስልክ ብቻ እጠግናለሁ ብዬ፣ ከአዲስ አበባ መዳፍ የምታህል ስክሪንና ከጀርባዋ የምትገጠም ትንሽ ኮምፒውተር አስመጣሁ። የስልክ ስክሪን የእማዬን የደረቀ ጣት አልሰማ ብሎ ነበር፤ ይቺ ግን ጫን ካሏት በጥፍርም ትሰማለች። ሥዕል ደረደርኩባት። ጣሳውን ሲነኩት «ውኃ ስጪኝ»፣ ጋቢውን ሲነኩት «በረደኝ»፣ የኔን ፎቶ ሲነኩት «ነይ» ትላለች። ድምፁ የኔው ነው። ሁለቴ ሽቦ አቃጥያለሁ፤ ብትኖር «ይቺ እብድ!» ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ የነካችው ምን መሰለህ? ፎቶዬን! «ነይ» አለ። እየዘለልኩ ሄድኩ። በግራ እጇ ገፋችኝ! ደግማ «ነይ»፤ ስሄድ መልሳ ትገፋኛለች፣ በሩን ታሳየኛለች። ውጪ ላውጣሽ ብላት እምቢ። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ፤ የተበላሸች መስሎኝ ፈትቼ ገጠምኳት። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩሸዋ አይተው አይተው ሳቁብኝ፦ «አዬ የተማረች! ያንቺ ማሽን የሚጠራው ሴት ብቻ ነው እንዴ? ወንድ ልጅ የላትም?»

ክው አልኩ። እውነታቸውን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ወንድ ስለሌለ ያስገባሁት ቃል ሁሉ ለሴት ነው። ወዲያው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፎቶህን፣ ያን ጎፈሬህን፣ አስገባሁና አንዲት ቃል ቀዳሁ። እማዬ ጥፍሯን አሳረፈችበት።

«ና።»

አባይዬ፣ በግማሽ አፏ ሳቀች፤ እንባዋ ግን በሁለቱም ዓይኗ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ እትዬ ጥሩሸዋ እልልታውን አቀለጡት።

ምን ይዞህ እንደቀረህ አውቃለሁ። ጣሪያዋ ሲያፈስባት አላስችል ብሎህ፣ አገሩ በደንብ ዘግቶ የሚጠብቀው ጓሳ ተራራ ማጨድ ሳይፈቀድ ወጥተህ የጣሪያ ሣር አጨድክ፤ እሷም በሽማግሌ ፊት አፍራ «ሂድ፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችህ። ከዚያ ወዲህ አንደበቷ እስኪዘጋ ስምህን አላነሳችም፤ እኔም ቆርጦላታል ብዬ ነበር። ለካ ሰባት ወር ሙሉ አንቆ የያዛት ያ ቃል ኖሯል!

ይኸው አሁንም ከመደቡ ላይ ይሰማኛል፦ ና። ትንሽ ቆይታ፦ ና። ፎቶህ ያለበት ጥግ ከወዲሁ በጥፍሯ ተጫጭሯል።

መድኃኔዓለም መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

እህትህ እስከዳር

ይህን ረስቼ፦ ጓሳ ዘንድሮ በየካቲት ይከፈታል። ያን ጊዜ የፈረዱብህ ሽማግሌ፣ ጋሽ አፈወርቅ፣ «ያ ልጅ ይምጣና እንደ ሰው በደንቡ ይጨድ» ብለዋል። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ማጭድህን ስዬ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።