የፀረ ተባዩ ጀሪካን

ርሆቦት፣

ወደ ሆስፒታል ተመልሼ እየሄድሁ ነው፤ ዛሬ እዚያው አድራለሁ። ምስር ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፣ ብይ።

አልጋሽ ሥር ያሉትን ሁለት ባዶ የፀረ ተባይ ጀሪካኖች እዚህ አትጠቢያቸው፤ እጣቢው በቦዩ ወርዶ ጣና ይገባል። አታቃጥያቸው፣ ለቆራሌውም አትሽጫቸው። ጓንት አድርጊ፣ ክዳናቸውን አጥብቂና ወደምትሠሪበት የእርሻ መድኃኒት መሸጫ መልሻቸው። ሦስተኛውንም «መልሼዋለሁ» ብለሽኝ ነበር።

አመንሁሽ።

ለካ አጥበሽ ለአከራያችን ለእትየ ፅጌ ማርያም ሰጥተሻቸዋል። እሳቸውም የመጠጥ ውኃ ሞሉበት፤ ጠጥተው ወደቁ።

ትናንት ሐኪሙ ጀሪካኑ ከየት እንደመጣ ሲጠይቅሽ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ሱምያ ናት ያመጣችላቸው» ስትይ ሰማሁ። አንድ ትሪ ላይ ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን። ስሜን እንዲህ በቀላሉ ትሰጫለሽ ብዬ አላስብም ነበር።

የመድኃኒቱን ስም ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ። ማን እንደሰጣቸው ግን አንቺው ሄደሽ ንገሪው።

ጠዋት እትየ ፅጌ ማርያም ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ርሆቦትስ ከዚያ ውኃ ጠጥታ ይሆን?» ብለው ነው።

እንዳልጠጣሽ ነገርኋቸው። ለምን እንዳልጠጣሽ ግን አልነገርኋቸውም።

ሱምያ