ስለሚናገረው ምሰሶ እና ስለ ያርጋል በቅሎ

ለተከበሩ የደባርቅ ስማርትና አረንጓዴ ከተማ አስተባባሪ አቶ ሰይፈ ሥላሴ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ለጡረተኛ መምህር የሚበቃ ጤና አለኝ። ሕዝቡና ነጋዴው ስለ አዲሱ ከተማ ያለውን አመለካከት የሚጠይቀውን ቅጽ ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ፤ የመልስ መስጫው ሳጥን ስለጠበበኝ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ በገበያው ዳር የነበሩትን የበቅሎ ማሰሪያ ግንዶች አስነቅለው ሣር ስለተከሉልን፣ በምትካቸውም መብራት፣ ካሜራና ድምፅ ማጉያ ያለው ምሰሶ ስላቆሙልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከደረስጌ ወገን ገብስ ጭኖ የመጣው የቀድሞ ተማሪዬ ያርጋል ከድሮው ቦታ የቆመ ነገር ቢያገኝ በቅሎውን አሰረበት። አባቱም እዚያው ያስር ነበር። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ምሰሶው «ክቡራን ነዋሪዎች፣ አረንጓዴውን እንጠብቅ» ብሎ ከጆሮዋ ሥር ሲጮህ በቅሎዋ ደንብራ ከነመሠረቱ ነቅላ ጎተተችው። ሲሚንቶውን እንዲህ ቆጥበው ማሠራትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ጠባቂዎችዎም ፈጥነው ደርሰው በቅሎዋን ከሣርዎ ላይ በጥይት ጣሏት። ያርጋል ልጓሟን አልለቅም ቢል ቀኝ ክንዱን በዱላ ሰበሩት፤ ከወደቀ በኋላም አፉን በጫማ ረገጡት። ጥርሱን ከአዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ የለቀመችው የጨው ነጋዴዋ ፈይዛ ናት። እርሷም፣ «የምትመቱት እኮ ደንበኛዬን ነው፤ ነገ ጨዉን ለካሜራው ልሽጥለት?» በማለቷ በጥፊ ተመትታ ሱቋ ታሸገ። ይህን የነጋዴው አመለካከት በሚለው ሥር ይመዝግቡልኝ።

ሦስተኛውን አሳጥረዋለሁ። ያርጋል ክንዱ ሳይታሰርለት ጣቢያ ገብቶ ሳምንት ሊሞላው ነው። ስንቅ ሳደርስለት እጁ አብጦ ጣቶቹ ሲጠቁሩ አይቻለሁ። ሐኪም ይየው ብዬ ብለምን ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሆንም ተባልሁ፤ እርስዎ ደግሞ ስለ ምቹ ከተማ በሚመክር ስብሰባ ላይ ነበሩ። ምሰሶውን የጣለችው ተገድላለች። የቀረው ሰው ነው፤ እጁ ሳይቆረጥ ይልቀቁት።

ክንደ ብርቱ ጠባቂዎችዎን ድካም እንዳይነካብዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

ይግዛው ገዱ
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ደባርቅ

ማስታወሻ፦ ቅጹን ለያርጋልም እስር ቤት ድረስ እንደላኩለት አይቻለሁ። «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበታል፤ የጎደለው ፊርማው ብቻ ነው። ፊርማውን ከፈለጉ መጀመሪያ የሚፈርምበትን እጅ ያሳክሙለት።