ጸበል የነካው ቺንጋ

ዳባት፣ የካቲት ፫ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጥበብ ሚናስ
ሐዋሳ

የልቤ ልጅ፣ መኪና ሆድ ውስጥ ተጎንብሶ የሚውለው ወገብሽ እንዴት ነው? እናትሽ ኤልሳቤጥ ደህና ናት፤ የሐዋሳ ሙቀት ያከሳታል እያለች በከንቱ ትጨነቃለች። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ዛሬ የጾመ ነነዌ ሁለተኛ ቀን ነው። የድጓ ተማሪዎቼን ቀደም ብዬ አሰናብቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። መጻፍ የነበረብኝ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር።

ለጥምቀት መጥተሽ በሳምንቱ ሰኞ ስትመለሺ መስቀል አሳለምኩሽ እንጂ አልመረቅሁሽም። አንቺም ምርቃቴስ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። እንደተኮራረፍን ነው አውቶቡሱ ይዞሽ የሄደው። የደምለው ሚኒባስ ደብራችን በር ላይ የቆመች ዕለት አንቺ አንገትሽን ኮፈን ስር ከትተሽ ስለነበር የኔን ሁኔታ አላየሽም። እስቲ ያን ቀን ከኔ በኩል ልንገርሽ።

መኪና ለማኅበራችን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባለፈው ክረምት የይግዛውን ሚስት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመን ስንሮጥ፣ አስፋልቱ ላይ ሳንደርስ ነው ያረፈችው። ከዚያ ወዲህ ይግዛው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኖ፣ የኛንም ከሊማሊሞ ስር ያሉትንም ዘመዶቻችንን ደባርቅ ሆስፒታል የምታደርስ መኪና ሳላስገዛ አላርፍም አለ። ደምለው ያገለገለች ሚኒባሱን ሊሸጥልን ከአምባ ጊዮርጊስ ይዞ ሲመጣ ሰዉ ግልብጥ ብሎ የወጣው ለዚያ ነው።

ሞተሯ ገና ሲነሳ ሲጢጥ እያለች ትጮህ ነበር። ኮፈኑ ላይ ተደፍቼ ስለነበር እኔም ሰምቻለሁ። ደምለው የዳባት ብርድ ነው፣ ሲሞቃት ዝም ትላለች አለን። አንቺ ደግሞ የሚጮኸው ቺንጋው፣ ያ መዘውሮቹን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ እንደሆነ፣ ጥፋቱ ግን የራሱ የቺንጋው ይሁን ከሚያዞራቸው ዕቃዎች የአንዱ ገና እንዳልለየሽ ተናገርሽ። እኔ ደግሞ ለመባረክ ቸኩያለሁ። እንደምታውቂው በኛ ዘንድ ውል የሚፈረመው መኪናው ጸበል ከተረጨ በኋላ ነው፤ የሚረጨውም ጎማውና መስታወቱ ነው። እኔ ሊቁ ግን፣ ሰው ሲታመም ልብሱን አናጠምቅም ብዬ በተከፈተው ኮፈን ጸበሉን ሞተሩ ላይ ለቀቅኩት። ጩኸቱ ቀጥ አለ። እልልታው ቀለጠ።

አልዋሽሽም ልጄ፣ ያን ጊዜ ቁመቴ አንድ ክንድ የጨመረ መሰለኝ። ይግዛውን ፈርም ብዬ በእጄ ጠቀስኩት። አንቺ ተጠግተሽ፣ «አባየ፣ እስኪደርቅ ቢታገሱ» አልሽኝ። ቺንጋ ውኃ ሲነካው ለጊዜው ዝም እንደሚል፣ ሲደርቅ ግን እውነቱ እንደሚወጣ በለሆሳስ አስረዳሽኝ። ጸበሉን ልትፈትኚው ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁሽ። ነርስ ሁኚ ስልሽ ጋራዥ የገባሽበት የቆየ ቂሜም አብሮ ነው የወጣው። አንቺ ግን ወደ ሰዉ ዞርሽና፣ «የኔታ እስኪደርቅ ጠብቁ ብለዋል» አልሽ።

እኔ እንዲያ አላልኩም። ልጄን በሕዝብ ፊት ዋሾ ማድረግ ግን አልሆነልኝም። ሞተሩ ጠፍቶ ፀሐይ ላይ ቆየች። እኔ እዚያ በሩ ጥላ ስር ሄጄ፣ በንዴት ሁለት መዝሙር ዳዊት ዘልዬ እደግማለሁ።

እንደገና ሲያስነሷት ከበሩ ሆኜ ምንም አልሰማሁም። ይኸው ጸበሉ ሠራ ልል አፌን ስከፍት፣ ሴቶቹ ጆሯቸውን ሲይዙ አየሁ። ረዳቴ ቃለ አብ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊቱን አጨማዷል። ሁሉም ይሰማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዜማ ሳተ ስል የኖርኩት እኔ ብቻ አልሰማሁም። አንቺ ዓይኔን አይተሽ ነገሩ ገባሽ። መጥተሽ በጆሮዬ፣ «ተመልሷል አባየ» አልሽኝ። ከዚያ ለሰዉ፣ የኔታ እንዳሉት ተመለሰ ብለሽ ጮክ ብለሽ ተናገርሽ።

ከዚያ በኋላ የሠራሽውን እስካሁን እየደጋገምኩ አስበዋለሁ። መብራቱን ስታበሪ ቺንጋው ጭነት በዛበትና ጩኸቱ ባሰ አሉኝ። ሞተሩን አጥፍተሽ ቺንጋውን አወጣሽና ውስጡን ገልብጠሽ ለይግዛው አሳየሽው፤ ተሰነጣጥቋል፣ አልቆ ያብረቀርቃል። ደምለው አዲስ ቺንጋ እገዛለሁ ሲል ሰዉ ሁሉ ረክቶ ነበር። አንቺ ግን መዘውሮቹን አንድ በአንድ በእጅሽ እያሽከረከርሽ ቀጠልሽ። የውኃው ፓምፕ ጋ ስትደርሺ የኔን እጅ ይዘሽ አስነካሽኝ። ይወዛወዛል፣ ሲዞርም ይሻክራል። ውስጡ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል አልሽ፤ አዲስ ቺንጋ ብናስገባ ጥቂት ሳምንት ዝም ይላል፣ ከዚያ የሊማሊሞን ዳገት ስትወጣ ፓምፑ ነክሶ ይቆምና ቺንጋው ይበጠሳል፣ ሞተሩ ይፈላል፤ ያኔ ውስጧ ምጥ የያዛት ሴት ልትኖር ትችላለች አልሽ። ይግዛው መሬት መሬት እያየ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ደምለውም ክፉ ሰው አይደለም፣ ሳይከራከር ይዟት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ባለፍኩበት ሁሉ የየኔታ ጆሮ፣ የየኔታ ብልሃት እየተባልኩ እመሰገናለሁ። እኔም ጢሜን እያሻሸሁ ስቀበል ሰነበትኩ። ያንቺን ክብር ለብሼ ነው የዞርኩት። እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ፣ ጠብቁ ያልኳችሁ እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት፤ እኔ እንዲያውም ተቆጥቻት ነበር አልኩ። ይግዛው ተነሣና፣ «የኔታ፣ እኔ ከጎናችሁ ነበርኩ። ምን እንዳሏት ሰምቻለሁ። ልጅ አባቷን እንዲህ ስታከብር አይቼ ነው ዝም ያልኩት» አለ። ከኋላውም ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለካ ግማሹ ሰው ያውቅ ኖሯል።

አላፈርኩም ብልሽ ውሸት ነው። ኩራቴ ግን ከኀፍረቴ በለጠ። ከእጄ ስንት መሪጌታ ወጥቷል፤ አንዱም አንቺ ያን ዕለት ያኮራሽኝን ያህል አላኮራኝም። ነርስ ሁኚ ያልኩሽ ሰው ታድኚ ብዬ ነበር። ይኸው በመፍቻ አዳንሽ።

ደምለው ፓምፑንም ቺንጋውንም አስቀይሬያለሁ ብሎ ልኮብናል። ማኅበሩ ግን ጥበብ ሳታያት ማንም አይፈርምም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ለፋሲካ ነይ። ጸበሉን አንቺ ከጨረስሽ በኋላ እረጫለሁ፣ ያውም ጎማው ላይ።

አሁን የከለከልኩሽን ምርቃት ተቀበይ። እጅሽ የነካው ይዳን። የጠገንሽው መንገደኛውን በሰላም ያግባ። ያን ዕለት ያከበርሽኝን ያህል የወለድሻቸው ያክብሩሽ። እመ ብርሃን በወጣሽበት በገባሽበት አትለይሽ።

አባትሽ
ቄስ ሚናስ

ደግሞም፦ የተማሪዎቹን ዜማ ማረም ከትናንት ጀምሮ ለቃለ አብ ሰጥቼዋለሁ። አንቺም ስትደውይልኝ ድምፅሽን ከፍ አድርጊልኝ። እስካሁን ኔትወርክ ነው ስልሽ የነበረው፣ ኔትወርክ አይደለም።