ዳንኤልን አላሳሰርኩትም

የማርታ አባት፣ ውዴ፣

ጂንካ ውስጥ የሚወራው ካለህበት ደርሶ ከሆነ አትመነው። ዳንኤልን አላሳሰርኩትም፤ አንድ ቀንም አልታሰረም። «ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ገዳይ ይመስላታል» ይላሉ አሉ። እኔ የጻፍኩት ያየሁትን እንጂ የመሰለኝን አይደለም።

ከተለየኸን አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ማርታ ዲመካ ተመድባ ታስተምራለች። አጥሩን በብሎኬት አሠርቻለሁ። የተከልከው ማንጎ ዛሬም የጎረቤታችንን የአስቴርን ቆርቆሮ ይደበድባል። ዳንኤል የእሷ ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ነበር። ባለፈው ወር ሲያባርሩት ርዕሰ መምህሯን እንደሚገድል በራችን ላይ ቆሞ ተናገረ። ሰፈሩ ሳቀ። «የሚዝት አይገድልም፤ ተይው እትዬ!» አሉኝ።

አንተን የገደለህም ሰው እዚያው በር ላይ ዝቶ ነበር። «ንዴት ነው፤ ያልፍለታል» ብለህ ሸኘኸው፤ እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታ የእኔ ነው፤ በማንም አላላክከውም።

ስለዚህ ዳንኤል በአሪኛ የተናገረውን ከአፉ እንደ ወጣ፣ ትርጉሙንም ከሥሩ ጻፍኩ። እርሻ ሳይኖረው ገጀራ መሳሉን፣ ዶሮዎቹን ለሰው ማደሉን፣ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ብቻዋን የምትቀርበትን ቀን መጠየቁን ጨመርኩ። ወረቀቱንም ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። አሁን እዚያ ፖሊስ፣ የጤና ባለሙያና ሽማግሌ አብረው ተቀምጠው፣ ጉዳት ሳይደርስ ዛቻን ይመዝናሉ። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አላሉኝም። «ምን አደረገ? ምን ተለወጠበት?» ነው ያሉኝ። አንተ ብትሆን ይህን ጥያቄ ትወደው ነበር።

በማግስቱ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ከዳንኤል አጎት ጋር ቤቱ ሄዱ። ገጀራውን አጎቱ ወሰደ። ርዕሰ መምህሯም ብቻዋን እንዳትቀር ተደረገ። ዳንኤልን ቁጭ ብለው ሰሙት፤ የተባረረው የትምህርት ቤቱን መጋዘን ሰብሯል ተብሎ ተጠርጥሮ ኖሯል። መጋዘኑ ተሰበረ በተባለበት ቀን ግን እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ ጋር ለቅሶ ቤት ነበር።

ርዕሰ መምህሯ በሕይወት አለች። ዳንኤልም እጁን ደም አልነካውም። እኔ በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፤ ዛቻም ሰምቼ ዳግመኛ ዝም አልልም።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ አስቴር ቤት እገባለሁ፤ ሰላምታዬን ባትመልስልኝም እቀመጣለሁ። ቀጥሎ ከዳንኤል ጋር በባጃጅ ስለ መባረሩ ያቀረበው አቤቱታ ወደሚሰማበት ቢሮ እንሄዳለን። እዚያም ቆሜ፣ ያን ቀን አጠገቤ ተቀምጦ እንደነበር እመሰክርለታለሁ።