«የተቆራረጠ ፋይል አልረከብም» ላሉት ኃላፊ

ለተከበሩ ኃላፊ፤
መርሳ

ስምዎንና የመሥሪያ ቤትዎን ስም ለክብርዎ ስል አልጠራሁም። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ መኪናዎም እንደዚያ ክረምት ሳይበላሽ የሚያወጣዎ ይሁን። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያዎ የነበረው የኢዘዲን ታናሽ ወንድም፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ የገበሬውን የመሬት መዝገብ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ስላዘዙት እያመሰገንሁ፣ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. የሰጡት ፍላሽ ከአራት ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም ነበር፤ መዝገቡ ደግሞ ሠላሳ ጊጋ ነው። «ፎርማት ላድርገውና ይቀበላል» ቢልዎ፣ የልጅዎ የሰርግ ቪዲዮ ስላለበት እንዳይነካ ከለከሉ። የአባትነት ፍቅርዎን አደንቃለሁ።

2ኛ. ወንድሜ መዝገቡን ቆራርጦ ገለበጠልዎ፤ ቁርጥራጮቹ አንድ ቦታ ሆነው የመጀመሪያው ሲከፈት ሁሉም እንደሚገጣጠሙም አስረዳዎ። እርስዎ ግን ሦስተኛውን ብቻ ለይተው ሞክረው እምቢ ቢልዎ «ተበላሽቷል፤ መመሪያው አንድ ፋይል ነው የሚለው፣ የተቆራረጠ አልረከብም» ብለው አስጠፉት። የቅርጫ ሥጋ ቢሆን መደብዎን ሳያንገራግሩ ይወስዱ ነበር።

3ኛ. «ሙሉውን ሳትይዝ እንዳትመጣ» ብለውት በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ ከነወንበርዎና ከነምንጣፍዎ ወደ ደሴ ወጡ። ለእሱ ቦታ መጥፋቱ ይገባኛል፤ የኃላፊ ወንበር ተቆራርጦ አይጫንም። ኢዘዲን ካሴት ቤት ካለው ከጓደኛው ከሙሐመድዘይን ፍላሽ ተውሶ፣ መዝገቡን እንደገና ቆራርጦ ገልብጦ በእግሩ ተነሣ። ውርጌሳ ላይ በጥይት ተመታ። ፍላሹን ከኪሱ አውጥተው ያመጡልን የቀበሩት ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ የወረዳችን የሀብሩ ገበሬ የማሳውን ወሰን የሚያረጋግጠው በእነዚያ ቁርጥራጮች ነው፤ «መዝገቡን በማዳን» የምስክር ወረቀት የተሸለሙት ግን እርስዎ ነዎት። እንኳን ደስ አለዎት።

4ኛ. በወንድሜ የግል ማኅደር ላይ «ያለ ፈቃድ ከሥራ የቀረ» ብለው ጽፈዋል። ለዚህኛው የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። እናታችን መሪማ ይህን ከሰማች ወዲህ ጎረቤት ሲመጣ ቀና ብላ አታይም። ያንን ሰርዘው «በታዘዘበት ሥራ ላይ ሳለ ተገደለ» ብለው ይጻፉልን። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

የሹመት ዘመንዎ እንዲረዝም ከሚመኙልዎ መካከል የሌለሁ፣ ነገር ግን በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣
አቡበከር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንኑ ጥያቄ በማመልከቻ ባመጣ፣ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሸዋዬ ትእዛዝዎን ጠቅሰው «ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ አንቀበልም» ብለውኛል። ቀብሩ ውርጌሳ ነው፤ ወደ ደሴ ሲያልፉ ወረቀቱን ይዘው ይውረዱና ያስፈርሙት።